ያለ ስብሰባ የተዘጋ መስመር

በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የአሜሪካ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ታሪፍ ከመጨመሩ ወይም አገልግሎቱን ጉልህ በሆነ መጠን ከመቀነሱ በፊት፣ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበትና የሚያመዛዝንበት ሥርዓት እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። ማስታወቂያ ይወጣል፤ አዳራሽ ይከፈታል፤ አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው «ይህ መስመር ከተዘጋ ሐኪሜ ዘንድ በምን እሄዳለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ባያስደስታቸውም እንኳ ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

እኔም በኮሎምበስ ኦሃዮ አንድ መስመር ዘግቻለሁ። ማስታወቂያ አላወጣሁም፤ አዳራሽም አልከፈትሁም። ሐሙስ ማታ አራት ሰዎች ላሉበት የስልክ ቡድን አንድ አጭር መልእክት ጻፍሁ፤ ሰኞ መስመሩ አልነበረም።

መስመሩ አንዲት ያረጀች ቶዮታ ኮሮላ ነበረች። ከ2017 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ ነው) በሳምንት አምስት ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከክሊቭላንድ አቬኑ ተነሥቼ፣ በሞርስ መንገድ ዙሪያ ሦስት ቦታ ቆሜ፣ አራት ሰው አሳፍሬ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምሥራቅ እነዳ ነበር። መድረሻችን ሊኪንግ ካውንቲ ውስጥ፣ በኤትና ታውንሺፕ አካባቢ ከተደረደሩት ታላላቅ መጋዘኖች አንዱ ነበር። እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ የደሴ ሴት ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ከኋላ ጎንደር ላይ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጋሼና ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ የአርሲ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብበው ይሄዳሉ። እያንዳንዳቸው በሳምንት 30 ዶላር ለቤንዚን ያዋጣሉ። የጠዋቱ ፈረቃ የሚጀምረው 12 ሰዓት ላይ ነው። ዘግይቶ የገባ ነጥብ ይያዝበታል፤ ነጥቡ የሞላበት ይሰናበታል። ስለዚህ አንድ ጠዋት መኪናዬ አልነሣም ብትል ጉዳዩ የአምስት ቤተሰብ ጉዳይ ነበር።

በ2019 ማርች ወር መሐል ከተማ ውስጥ የቢሮ ሥራ አገኘሁ። መልእክቱን ስጽፍ የተሰማኝ እፍረት ሳይሆን እፎይታ ነበር። እትዬ ወዲያው ደወሉልኝና «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግህ፤ እንኳን ይህን ያህል ጊዜ አመላለስከን» አሉኝ። ወጣቶቹ በሌላ ሰው መኪና ቦታ አገኙ። ጋሼ በከባድ ወለድ መኪና ገዙ። እትዬ መንጃ ፈቃድ አልነበራቸውም። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሞከሩ፤ ሒሳቡ የቀን ደመወዛቸውን ጉልህ ክፍል ወሰደባቸው፤ ነጥባቸውም ሞላ። በመጨረሻ ሰፈራቸው አጠገብ በሰዓት ያነሰ የሚከፍል፣ ሰዓቱም ያልሞላ የጽዳት ሥራ ያዙ። ከብዙ ወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ስለ መጋዘኑ ሳነሣባቸው «ሥራውስ አልከበደኝም ነበር፤ የከበደኝ መንገዱ ነው» አሉኝ።

በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ እንዴት ከሥራው ይከብዳል? ይህ ጽሑፍ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ያደረግሁት ሙከራ ነው።

አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ

ከመሐል ኮሎምበስ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ኢስት ሜይን ጎዳና የአሮጌው ብሔራዊ መንገድ አካል ነው። በቤክስሊ፣ በኋይትሆልና በሬይኖልድስበርግ አልፎ፣ ዩ.ኤስ. 40 እየተባለ ኤትና ይገባል። የከተማው አውቶቡስም በዚሁ ጎዳና ወደ ሬይኖልድስበርግ ይሄዳል፤ እዚያም ያበቃል። ከዚያ እስከ መጋዘኖቹ ያለው ርቀት በመኪና ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። አስፋልቱ አንድ ነው፤ መሐል ላይ የሚለወጠው ግብር ሰብሳቢው ነው።

የመካከለኛው ኦሃዮ ትራንዚት ባለሥልጣን፣ በአጭሩ ኮታ፣ በ1971 ተቋቁሞ በ1974 ሥራ ጀመረ። ዋናው ገቢው ከተሳፋሪ ቲኬት ሳይሆን ከሽያጭ ታክስ ነው። ታክሱም የሚሰበሰበው ከፍራንክሊን ካውንቲና በአጎራባች ካውንቲዎች ውስጥ ከሚገኙ ጥቂት ቁራጭ አካባቢዎች ነው። በኖቬምበር 2024 መራጮች ሊንክ-አስ የተባለውን ዕቅድ ሲያጸድቁ ይህ ታክስ ከግማሽ በመቶ ወደ አንድ በመቶ አደገ። በገንዘቡ ፈጣን አውቶቡስ የሚሄድባቸው ልዩ መስመሮችና የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ይሠራሉ፤ ኢስት ሜይንም ከተመረጡት ጎዳናዎች አንዱ ነው። ታላቅ ውሳኔ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ነገር ግን አብዛኛው የሊኪንግ ነዋሪ በዚህ ታክስ ላይ ድምፅ አልሰጠም፤ በሚኖርበት አካባቢም አይከፍለውም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ እሱ ካውንቲ እንዲሻገር መጠበቅ አይቻልም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ትክክል ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ግን የተለየ ትርጉም አለው።

ወሰኑ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን የሚያስታውሰን የአካባቢው ታሪክ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኮሎምበስ ተነሥቶ የሊኪንግ ካውንቲ መቀመጫ እስከሆነችው ኒውአርክ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ባቡር ነበረ። ኦሃዮ በዚያ ዘመን ከተማን ከከተማ በሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ርዝመት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚዋ ነበረች። መኪናና አስፋልት እየገፉ በ1920ዎቹ መጨረሻ ያንን ባቡር ከመንገድ አስወጡት። የረጅም ርቀት መንገደኛ ባቡርም በ1979 ከኮሎምበስ ቀርቶ እስካሁን አልተመለሰም። ክሊቭላንድን፣ ኮሎምበስን፣ ዴይተንንና ሲንሲናቲን ለሚያገናኝ ባቡር በ2010 የፌዴራል መንግሥት የመደበው 400 ሚሊዮን ዶላር፣ በዚያው ዓመት የተመረጡት አገረ ገዥ ጆን ኬሲክ አንቀበልም ስላሉ ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄደ። ስለዚህ እትዬ የቆሙበት ባዶ ፌርማታ በተከታታይ ውሳኔዎች የተሠራ ነው።

የገጠር ስፍራ፣ የከተማ ሰዓት

ሊኪንግ ካውንቲ የራሱ የሕዝብ ትራንስፖርት አለው። እንደ አብዛኛው የኦሃዮ ገጠር አገልግሎት መሠረቱ በቀጠሮ የሚጠራ፣ ከደጅ ወስዶ ደጅ የሚያደርስ ቫን ነው። ለእንዲህ ያለው አገልግሎት የፌዴራል ድጋፍ የተጀመረው በ1978 ነው። ዛሬ ክፍል 5311 በሚባለው የሕግ አንቀጽ ሥር ሕዝባቸው ከ50,000 በታች ለሆነ አካባቢዎች ይሰጣል። ድጋፉ ለተሽከርካሪ ግዢና ለመሰል ወጪ እስከ 80 በመቶ፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ ግን ከጉድለቱ እስከ ግማሽ ድረስ ነው። ቀሪውን ግማሽ ካውንቲው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። እንግዲህ ገንዘቡ ውስን ሲሆን የሚቀድመው ማን ነው? በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸው የሚታጠብ ሕሙማን፣ መንዳት ያቆሙ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኞች። ይህን ምርጫ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

ስህተቱ ያለው «ገጠር» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሕጉ ገጠር ሲል በሰፊ ምድር ላይ የተበተነ ጥቂት ሰው ያስባል። ለተበተነ ሰው ቋሚ መስመር አይሆንም፤ በቀጠሮ የሚጠራ ቫን ግን ይሆናል። ባለፉት ዓመታት የበቆሎ ማሳዎቹ መሐል የበቀሉት መጋዘኖች ግን ሌላ ዓይነት ፍጥረት ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ በር፣ በአንድ ሰዓት ይገባል፤ በአንድ ሰዓት ይወጣል። ስፍራው ገጠር ነው፤ የሰው ፍሰቱ ግን የከተማ ነው። አውቶቡስ ከዚህ የተሻለ ነገር ሊመኝ አይችልም፤ መነሻው የታወቀ፣ መድረሻው የታወቀ፣ ሰዓቱ የማይዛነፍ ተሳፋሪ ነውና። ኢንቴል በጃንዋሪ 2022 በዚሁ በሊኪንግ ካውንቲ፣ ኒው አልባኒ አጠገብ፣ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሁለት የቺፕ ፋብሪካዎች እንደሚያቆምና 3,000 ሰው እንደሚቀጥር ሲያስታውቅ የተመረጠው ምድር የእርሻ መሬት ነበር። ግንባታቸው የሚጠናቀቅበት ጊዜ ወደ 2030ና 2031 ቢገፋም፣ ነገሩ የሚያመለክተው ያንኑ ነው፦ ሥራው ወደ ገጠር እየወጣ ነው፤ ሠራተኛው ግን ኪራይ በሚችልበት በከተማው ሰፈር ይኖራል።

መፍትሔው ያልታወቀ ምሥጢር አይደለም። በግሮቭፖርትና በሪከንባከር በኩል ከኮታ ፌርማታ ሠራተኛ ተቀብለው መጋዘን ደጃፍ የሚያደርሱ ትንንሽ ማመላለሻዎች ተጀምረዋል፤ ኒው አልባኒም ለቢዝነስ ፓርኳ ተመሳሳይ አገልግሎት ዘርግታለች። በእነዚህ ስፍራዎች አንድ አካል «የመጨረሻዎቹ ማይሎች የእኔ ጉዳይ ናቸው» ብሏል። በሌሎቹ ስፍራዎች ኮታ «ከክልሌ ውጭ ነው» ይላል፤ ካውንቲው «የእኔ ነዋሪዎች አይደሉም» ይላል፤ አሠሪው ደግሞ «በሰዓቱ መድረስ የሠራተኛው ግዴታ ነው» ይላል። ሦስቱም መልሶች ለየብቻቸው ትክክል ናቸው፤ ተደምረው የሚሰጡት ውጤት ግን ባዶ ፌርማታ ነው።

«ሰርቪስ አለው ወይ?»

ሀገር ቤት ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ደመወዙ ስንት ነው? ሰርቪስ አለው ወይ? ፋብሪካውም፣ ባንኩም፣ የአበባ እርሻውም ሠራተኛውን የሚያመላልስበት መኪና የቅጥሩ አካል ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያደርሱት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶችም የዚሁ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ሰርቪስ የሚለው ቃል ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ስምምነት አለ፦ የሰው ጉልበት የሚያስፈልገው ወገን ጉልበቱ በምን እንደሚመጣ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

ይህን የምለው የሀገር ቤቱን አሠራር ለማቆንጀት አይደለም። ሰርቪሱ ዋና መንገድ ላይ አውርዷቸው በጨለማ እየተሳቀቁ ወደ ኪራይ ቤታቸው የሚገቡ የፋብሪካ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት በ2010 የተጀመረው ፕሮግራም ብዙ ቦታ ጠጠር አድርሷል፤ መኪናው ግን ሁልጊዜ ጠጠሩን ተከትሎ አልመጣም፤ በገበያ ቀን ከአዲሱ መንገድ ዳር ሸክሙን ተሸክሞ በእግሩ የሚሄደውን ገበሬ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። መንገድ መኖሩ ብቻውን መጓጓዣ አይሆንም፤ በሊኪንግም በወሎም ትምህርቱ አንድ ነው።

ልዩነቱ ጥያቄው የት እንደሚነሣ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቶችና ካውንቲዎች ለአዲስ ግንባታ እስከ 15 ዓመት የሚዘልቅ የንብረት ግብር እፎይታ ሊሰጡ ይችላሉ። ውሉ ሲፈረም ስለሚፈጠረው የሥራ ብዛት ይነገራል። «ሰርቪስ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሊጠየቅ የሚገባው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ግብሩን የሚተወው ሕዝብ ነውና፣ ከሕዝብ ማመላለሻ ጋር የሚያገናኝ ቫን በምላሹ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ውለታ አቤቱታ አያውቅም

እዚህ ላይ ወደ ራሴ መኪና ልመለስ፤ ምክንያቱም መንግሥትንና አሠሪን ወቅሶ ማለፍ ቀላል ነው።

በሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የ2019 መረጃ መሠረት በአሜሪካ ሠራተኞች መካከል 75.9 በመቶው ብቻውን ነድቶ ወደ ሥራ ሄደ። በሕዝብ ማመላለሻ የሄደው 5 በመቶ ሲሆን፣ መኪና ተጋርቶ የሄደው ግን 8.9 በመቶ ነበር። ማለትም ማንም አውቶቡስ ብሎ የማይጠራው፣ በሌሊት ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሰው የሚለቅመው መኪና በሀገሪቱ ካሉት አውቶቡሶችና ባቡሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሠራተኛ ያደርሳል። በ1980 ይኸው ቁጥር 19.7 በመቶ ነበር። አሜሪካውያን ሁለተኛና ሦስተኛ መኪና እየገዙ ሲተዉት፣ እኛና መሰሎቻችን ስደተኞች ግን አንሥተን ቀጠልንበት።

በእኛ ቋንቋ ስሙ «ራይድ መስጠት» ነው። መስጠት የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። የሚሰጥ ነገር ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ አቤቱታ አያውቅም። በአንድ የጃንዋሪ ሌሊት እንቅልፍ ጥሎኝ እትዬን 20 ደቂቃ በረዶ ላይ አቁሜያቸዋለሁ። መኪናው ውስጥ ሲገቡ «ደኅና አደርህ?» ከማለት በቀር ምንም አልተነፈሱም። አውቶቡስ ቢሆን ኖሮ በዘገየ ጊዜ ይማረሩበት ነበር፤ ስልክ ደውለው ይከስሱት ነበር። እኔን ግን ሊከሱኝ አይችሉም፤ ባለ ውለታቸው ነኝና። ያን ጊዜ ዝምታቸውን ትሕትና አድርጌ ወሰድሁት። ዛሬ ሳስበው ተሳፋሪዎቼ የሚቆጡበት መብት እንኳ ያልነበራቸው ነበሩ።

የሚገርመው፣ እኛ ተቋም መሥራት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለሞት እድር አለን፤ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ መቅጫ ሁሉ አለው። ለገንዘብ እቁብ አለን፤ ዳኛና ዋስ አለው። በኮሎምበስ የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ከ2000 ጀምሮ ለስደተኞች ሲሠራ ኖሯል። ከሞትና ከገንዘብ ቀጥሎ የዕለት ኑሯችንን የሚወስነው የሥራ መንገድ ግን እስካሁን በውለታ ላይ ተንጠልጥሏል። ምክንያቱ፣ ይመስለኛል፣ ሁላችንም እንደ ጊዜያዊ ነገር ስለምናየው ነው። መኪና እስክገዛ፤ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ፤ የተሻለ ሥራ እስካገኝ። እያንዳንዱ ሰው ጊዜያዊ ነው፤ ወረፋው ግን ቋሚ ነው። እኔ ስወጣ ሌላ አዲስ መጪ እዚያው ቦታ ቆሟል።

ማን ይክፈል?

አንድ የሊኪንግ ጡረተኛ «የኮሎምበስን ሠራተኛ ለማመላለስ እኔ ለምን ግብር እከፍላለሁ?» ቢለኝ መልስ አለኝ፤ መልሴ ግን ስብከት አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሠራተኛ አድርሶ የሚመለስ ቫን ወደ ከተማ የሚመለሰው ባዶውን ነው። ጡረተኛው ኮሎምበስ ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ ያለው ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ነው። የእትዬና የእሱ መንገድ አንድ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። ለሁለቱ ሁለት አገልግሎት፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት የስልክ ቁጥር መመደብ ነው ውድ የሚሆነው። በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉት አገልግሎቶች ወጪ ተጋርተው አንድ ቫን ቢያስኬዱ፣ ገበሬውም ስደተኛውም የአንድ መስመር ደንበኛ ይሆናሉ። ገጠርንና ስደተኛን እንደ ተቃራኒ ማቅረብ በለመደ ፖለቲካ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለም አለ። 3ኤም የተባለው ኩባንያ በ1973 በሚኒሶታ ለሠራተኞቹ የጋራ ቫን ከጀመረ ወዲህ አሠራሩ ሕጋዊ መልክ ይዟል። የፌዴራል ግብር ሕግ አሠሪ ለጋራ ቫን ወይም ለአውቶቡስ የሚሰጠውን ድጎማ እስከ ተወሰነ መጠን (በ2025 በወር እስከ 325 ዶላር ነበር) ከግብር ነፃ ያደርጋል። ሕጉ ግን መኪናው ከሾፌሩ ሌላ ቢያንስ ስድስት ሰው የሚይዝ እንዲሆን ይጠይቃል። የእኔ ኮሮላ አራት ነበር የምትይዘው። በሕግ ፊት በእኛና በእውቅና መካከል የነበረው ርቀት ሁለት ወንበር ነበር ማለት ነው። የመካከለኛው ኦሃዮ ክልላዊ ፕላን ኮሚሽንም የጋራ ቫን ለሚያደራጁ ሠራተኞች የሚረዳ ፕሮግራም አለው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቢሮ ከገባሁ በኋላ ነው። ማወቅ የነበረብኝ ጊዜ ግን መሪውን በያዝሁበት ወቅት ነበር።

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። አብዛኞቻችን በአንድ ወቅት ራይድ ጠይቀናል፤ ዛሬ በጀት እናነባለን፤ በከተማና በካውንቲ ስብሰባ ላይ ሦስት ደቂቃ እንዴት እንደሚጠየቅም እናውቃለን። መኪና ስንገዛ ችግሩ ያለቀ ይመስለናል፤ ያለቀው ግን የእኛ ነው።

በዚህ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር ስድስት መንገደኛ የሚይዝ የጋራ ቫን ለማቋቋም ተሰብስበን ነበር። እትዬንም ጋበዝናቸው፤ አሁንም የሚሠሩት ያንኑ የጽዳት ሥራ ነው። ደንቡን ስንጽፍ ስለ ቤንዚን፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ተለዋጭ ሾፌር ብዙ ተከራከርን። እሳቸው ሲያዳምጡ ቆይተው «አንደኛ ብላችሁ ይህን ጻፉ» አሉ። እኔ ነበርሁ ጸሐፊው፤ ጻፍሁት፦ ሾፌሩ ሥራ የሚለቅ ከሆነ ከ30 ቀን በፊት ለተሳፋሪዎች ያሳውቃል፤ ተሳፋሪዎችም ተሰብስበው ይነጋገሩበታል።